ለፉጨት የተሰጠ ድምፅ

ልጆቹ ያወጡላት ስም «ቲቸር በተራ» ነው። ከፊትም ከኋላም እኩል ሲንጫጩባት መዳፏን ወደ ታች ዘርግታ «በተራ፣ በተራ» ትል ስለነበር ነው። ስሙ ከክፍል ወጥቶ ሰፈር ገባ፤ ከሰፈርም ቤቷ ድረስ ተከትሏት መጣ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ስሙን ከአንዲት ደንበኛዋ አፍ ከሰማች ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለቱ እኩል መታጠቢያው በር ላይ በተገናኙ ቁጥር «በተራ እንጂ፣ ምን እያልሽ ነው የምታስተምሪው?» ትልና ቀድማ ትገባባታለች።

የምታስተምረው ሥነ ዜጋ ነው። መርጣው አልነበረም። በወጣትነቷ ስትቀጠር ሒሳቡም ቋንቋውም ሳይንሱም ባለቤት ነበራቸው፤ ማንም ያልፈለጋት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀርታ ነበርና እሷን አነሳች። የመጀመሪያውን ዓመት እንደተጻፈው አስነበበች። መብትና ግዴታ፣ ሐቀኝነት፣ የጋራ ንብረት መጠበቅ፣ የሌላውን ሐሳብ ማክበር። ልጆቹ አዛጉ፤ እውነቱን ለመናገር እሷም አዛጋች። በሁለተኛው ዓመት መጽሐፉን ከደን አድርጋ ዓይናቸው ሥር ካለው ነገር ጀመረች። ቧንቧው ጋ ትንንሾቹን እየገፈተረ የሚጠጣው ማን ነው? ያ ሁሉ ዓይን እያየስ ለምን ዝም ይባላል? የሰበርነውን መስኮት ማን ያስጠግነው? ልጆቹ ነቁ። እሷም ነቃች። ትዳር ሳትይዝ፣ ልጅ ሳትወልድ ዕድሜዋ እዚያው ክፍል ውስጥ ነጎደ። ሰው ሲጠይቃት «ልጅማ ሞልቶኛል፤ ሲመሽ ወደየቤታቸው ነው የምሸኛቸው» ትል ነበር።

ከሁሉም የምትወደው የክፍል አለቃ ምርጫውን ነው። በሌሎቹ ክፍሎች አለቃ የሚሾመው በአስተማሪ ጣት ነበር፤ ቁመቱ ዘለግ፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ልጅ ይጠራና የሚያወራ ልጅ ስም እየጻፈ ይውላል። የእሷ አራተኛ ክፍል ግን ይመርጣል። ዕጩዎቹ ተነስተው ምን እንደሚሠሩ ይናገራሉ፣ ስማቸው በሰሌዳው ቀኝ ጥግ ይጻፋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ በቁራጭ ወረቀት የፈለገውን ስም ጽፎ፣ አጣጥፎ፣ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ይከታል። «ድምፅ ማለት ይቺ ወረቀት ናት» ትላቸዋለች። «ትንሽ ናት፤ ግን ማንም አይነጥቃችሁም። ለማን እንደሰጣችሁም ማንም አይጠይቃችሁም፤ እኔም ጭምር።»

በዚያ ዓመት ሦስት ልጆች ተነሱ። አንደኛው የዳቦ ቤቱ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ከሁሉም ጋር ወዳጅ። ሁለተኛዋ «ጠበቃ» የሚሏት ልጅ ናት፤ የሰው ጠብ ሳይቀር የራሷ አድርጋ የምትከራከር፣ ምላሷ የማይደክም። ሦስተኛዋ ፉጨት ናት። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቿ ተራርቀው ስለበቀሉ «ስ» ባለች ቁጥር በመሃል ቀጭን ፉጨት ይወጣል። ስሙን ያወጣላት አንድ ተንኮለኛ ነበር፤ እሷ ግን አልተናደደችም፣ ጭራሽ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

የዳቦ ቤቱ ልጅ ኳስ ቃል ገባ። ጠበቃ ፍትሕ ቃል ገባች። ፉጨት የመስኮቱን ጥግ ለቃ ወጣችና «እኔ ከተመረጥኩ ለሴቶች ሽንት ቤት መቀርቀሪያ አስገባለሁ» አለች።

ወንዶቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ከውጭ ትይዝላታለች» አለች። «የምትይዝላት ከሌለች ሽንቷን እስከ ቤቷ ትይዘዋለች። ለዚህ ብለን ውሃ መጠጣት የተውን አለን።»

ሴቶቹ አልሳቁም። መምህርቷም አልሳቀችም። አስተማሪዎች የራሳቸው ሽንት ቤት፣ የራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ስንት ዓመት ስለ መብት ስታወራ ያ በር እንደማይዘጋ አለማወቋ ከነከናት፤ ፊቷ ሲግል ተሰማት።

ምርጫው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። በሳምንቱ መጨረሻ ፉጨትን ትኩሳት ያዛት። ጠዋት አንገቴን አለች፣ ከሰዓት በኋላ እናቷን ማወቅ ተሳናት፣ ሆስፒታል ስትደርስ ነገሩ አልፎ ነበር። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ክፍሉ በር ላይ መጥተው መምህርቷን በጣታቸው ሲጠሯት ልጆቹ በተራ ለመናገር እጃቸውን አውጥተው ነበር። ተመልሳ ስትገባ እጃቸው እንደተሰቀለ አገኘችው። «እጃችሁን አውርዱ፣ ልጆቼ» አለች።

ቀብሯ ላይ እናቲቱን አየቻት። የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ናት፤ እጇ ከውሃ ብዛት የተጨማደደ፣ አጭር፣ ቀጭን ሴት። አታለቅስም ነበር። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ ከሌላ ክፍል የሚጠራትን ሰው እንደምታዳምጥ ሁሉ፣ ዝም ብላ ቆማለች። ያ አቋቋሟ ከመምህርቷ ዓይን አልጠፋ አለ።

ቀናት አለፉ። ልጆቹ መጫወት ጀመሩ፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀስ በቀስ በጩኸት። አንድ ቀን ጠበቃ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ምርጫው ቀረ?» አለቻት። መምህርቷ አሰበችበት። ወደ ለመዱት ነገር ቢመለሱ ይሻላቸዋል አለች በሆዷ። «ነገ ነው» አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሰሌዳውን ልታጠፋ ተነሳች። በቀኙ ጥግ ሦስቱ ስሞች አሉ። መጥረጊያውን ይዛ የቀኑን ትምህርት በሙሉ አጠፋች፤ ወደ ጥግ ደረሰች፤ የሦስተኛውን ስም ዙሪያ አጸዳች። ስሙን ልትነካው ስትል ግን እጇ አልታዘዝ አላት። እንደ ሰው ገላ ነው የሆነባት። «ጠዋት አጠፋዋለሁ» ብላ ወጣች። ጠዋት ደግሞ ልጆቹ ቀድመዋት ገብተው ነበር፤ ዓይናቸው እያየ ማጥፋት ጭራሽ አቃታት። ካርቶኑ ዞረ።

ቆጠራው እንደወትሮው በልጆቹ ፊት ነበር። አንዲት ረጅም ልጅ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ጋ ቆመች፤ መምህርቷ ወረቀቱን እየፈታች ታነባለች፣ ልጅቷ ከስሙ ፊት መስመር ታሰምራለች። የመጀመሪያው የዳቦ ቤቱን ልጅ ይላል። ሁለተኛው ጠበቃን። ሦስተኛውን ስትፈታ ክው አለች። የተጻፈው የፉጨት ስም ነው።

ረጅሟ ልጅ ዞር ብላ አየቻት። መምህርቷ እንደምንም አነበበችው።

«ቲቸር» አለች ልጅቷ፣ «ላስምርላት?»

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ወደዚያች ቅጽበት ተመልሳለች። አይ፣ ማለት ትችል ነበር። ቁጭ ብላ ልታስረዳቸው ትችል ነበር። ግን በልጅቷ ፊት ላይ ያየችው ነገር ልመና ነበር። «አስምሪላት» አለች።

ቀጣዩም ፉጨት ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለውም። አንዱ ጠማማ ፊደል፣ አንዱ ትልልቅ ፊደል፣ አንዱ በቀይ እርሳስ፤ የእጅ ጽሑፋቸውን አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ተነጋግረው ያደረጉት መስሏት ፊታቸውን አየች፤ እርስ በርሳቸው ተገርመው ይተያያሉ። የጠመኔው ጭረት ብቻ ይሰማል። ካርቶኑ ባዶ ሲሆን መስመሮቹ ከግማሹ ክፍል በላይ ሆነው ነበር።

«አሸነፈች፣ አይደል?» አለ የዳቦ ቤቱ ልጅ፣ ቀስ ብሎ።

«አሸነፈች» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ይሰርዙት እንጂ። ወላጅ ቢሰማ ምን ይላል? ለሞተ ሰው ድምፅ ይሰጣል እንዴ?»

«ስሟን ሰሌዳው ላይ የተውኩት እኔ ነኝ። ድምፃችሁ ይከበራል ብዬ ያስተማርኳቸውም እኔው ነኝ። አሁን ብሰርዘው ከዚህ በኋላ ምን ብነግራቸው ያምኑኛል?»

እሳቸው ነገር አያበዙም፤ ብዙ ችግር ያለበት ትምህርት ቤት ነው። «እንግዲያውስ ሁለተኛ የወጣችው ትሥራበት» አሉና ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። ጠበቃ ምክትል ሆነች።

መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ነገር ነበር። ጠበቃ ሴቶቹን አሰልፋ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ አቆመቻቸው። «አለቃችን የገባችውን ቃል ልናስፈጽም ነው» አለች። እሳቸው ምን ይበሉ? የጥገና ሠራተኛው መጣና መቀርቀሪያውን ገጠመ። ሴቶቹ በተራ እየገቡ ሞከሩት፤ ከውጭ የቆሙት ቀጭ ባለ ቁጥር ይስቃሉ። መምህርቷ ኮሪደሩ ላይ ሆና አለቀሰች። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ነገር ዛሬ ገና በእግሩ ሄደ፣ አለች።

ከዚያ ወንበሩ መጣ። ማን እንዳመጣው አላየችም። አንድ ጠዋት ስትገባ የፉጨት ወንበር ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ፊት ለፊት፣ ሰሌዳው አጠገብ፣ ልጆቹን እያየ ተቀምጧል። ጠበቃ ከጎኑ ቆማለች። መምህርቷ ሐዘናቸው ነው፣ ይውጣላቸው ብላ ተወችው።

ክፍሉ ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በሥራ ዘመኗ ሁሉ አላየችም። ማንም አይገፈትር፣ ማንም አያረፍድ፣ ወለሉ ላይ ቁራጭ ወረቀት አይታይ። ርዕሰ መምህሩ በበሩ ሲያልፉ ቆም ይሉ ጀመር፤ ቀጥሎም እንግዳ ይዘው መጡ። ከበላይ ቢሮ የመጡ አንዲት ሴትዮ ዙሪያውን አይተው «ይሄ ነው መልካም ዜጋ ማለት» አሉ። የሞዴል ክፍል ምስክር ወረቀት በመስታወት ገብቶ ከበሩ በላይ ተሰቀለ። ያኔ ሴትዮዋ ወንበሩን አይተው «ይቺስ?» ሲሉ ጠበቃ በትሕትና «የአለቃችን ናት» አለች። ለሴትዮዋ ያን ቀን የቀረች ልጅ መሰለቻቸው።

መምህርቷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን የልጆቹ ዝምታ ሰቅጠጥ ያደርጋት ጀመር። ልጆች ዝም ሲሉ እንኳ የሆነ ነገር ይላሉ፤ ወንበር ይንቋቋል፣ አፍንጫ ይሳባል፣ አንዱ አንዱን በክርኑ ይጎሽመዋል። እነዚህ ግን ዝም ሲሉ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያያሉ። እሷም ታያለች። ያንን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ቁጭ ብላ ደብተር ስታርም፣ በተሰነጠቀው መስኮት ንፋስ ሲገባ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። መስታወቱ ድሮም የተሰነጠቀ ነው፤ ድሮም ያፏጫል። አንድ ቀን ግን ቀና ሳትል «እሺ የኔ ልጅ፣ መጣሁ» ብላ መለሰችለት። የራሷን ድምፅ ስትሰማ ብዕሩ ከእጇ ወደቀ። ደብተሮቹን ሰብስባ፣ ወደ ወንበሩ ሳታይ፣ በጥድፊያ ወጣች። ሳታይ ለመውጣት መጠንቀቋ ራሱ አስፈራት።

እህቷ ነገሩን ጠርጥራለች። «ሰሞኑን ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለቻት አንድ ማለዳ፣ ከመታጠቢያው በር ኋላ። «እኔማ ሰው ይዘሽ የገባሽ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ነበር።»

«ከራሴ ጋር ነው» አለች።

«ይሁን። ከራስሽ ጋር ከሆነ ለምን ቆም ብለሽ መልስ ትጠብቂያለሽ?»

ነገሩ የፈነዳው በአንዲት ትንሽ ልጅ ነው። ከክፍሉ ሁሉ አጭሯ፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ሳለ ከኋላ እንደ መንጠባጠብ ያለ ነገር ሰማች። ዞር ስትል ልጅቷ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ከወንበሯ ሥር ውሃ እየሰፋ ነው። የሳቀ ልጅ የለም። ከአጠገቧ ያሉት እግራቸውን ብቻ ሰበሰቡ።

መምህርቷ ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችላት። «ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ እናት? ለምን እጅሽን አላወጣሽም?»

ልጅቷ ወደ ፊት ለፊቱ ወንበር አየች። መልሱን የሰጠችው ጠበቃ ናት፤ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። «አለቃችን አልፈቀደችላትም። ትናንት አርፍዳለች።»

ቀስ በቀስ ሁሉም ወጣ። ያጠፋ ልጅ በእረፍት ሰዓት ወንበሩ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል። ጠበቃ ጆሮዋን ወደ ወንበሩ መደገፊያ አስጠግታ ትሰማለች፣ ከዚያ የተባለውን ትነግረዋለች። አንዱን ለሳምንት ማንም እንዳያናግረው ተብሏል። አንዱ ውሃ እንዳይጠጣ። እምቢ ያለ የለም።

«እንዴት አንዳችሁም ሳትነግሩኝ?» አለች መምህርቷ። ጠረጴዛውን ተደግፋለች።

ልጆቹ ተያዩ። በመጨረሻ የዳቦ ቤቱ ልጅ ተነሳ።

«እርስዎም እኮ ይጠይቋታል፣ ቲቸር» አለ። «ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ እሷን አይተው ነው ሰላም የሚሉን። ባለፈው ፈተና ይራዘም ስንልዎት ወደ ወንበሩ አዩና እሺ አሉን።»

የምትክደው ነገር አልነበረም። ትንሿን ልጅ በእጇ ይዛ እስከ ቤቷ ሸኘቻት። የልጅቷ አባት በር ላይ ሰማት፣ አልተቆጣም፣ ሹራቡን አጣጥፎ መለሰላት። በማግሥቱ ልጁን ወደ ሌላ ክፍል አዛወራት። ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ ኮሪደር ላይ ስታገኛት ግድግዳውን ታካ ነበር የምታልፈው።

ለእህቷ የነገረቻት ልጅቷን በሸኘችበት ዕለት ማታ ነው። እህቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማቻት። አልቀለደችም።

«የሰው ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ ክፍሉን ስታስገዢ እናቷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ነገ ሂጂና ንገሪያት። ሌላውን ኋላ ታስቢበታለሽ።»

የሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ምድር ቤት ነው። በሩ ሲከፈት እንፋሎት ፊት ላይ ይመጣል፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ ነጭ አንሶላ በየጠረጴዛው ተቆልሏል። እናቲቱ አወቀቻት። ሥራዋን ማቆም ስለማትችል የአንዱን አንሶላ ጫፍ አቀበለቻትና ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ማጠፍ ጀመሩ፤ ይለያያሉ፣ ይገናኛሉ፣ ጫፍ ከጫፍ ያጋጥማሉ። መምህርቷ እየተለያዩ እየተገናኙ ሁሉንም ነገረቻት። ምርጫውን፣ መቀርቀሪያውን፣ ወንበሩን፣ ትንሿን ልጅ።

እናቲቱ የታጠፈውን ክምሩ ላይ ደርባ ሌላ አንሶላ አነሳች።

«ወንበሩን የት ነው ያስቀመጡት?» አለች።

«ከፊት፣ ሰሌዳው አጠገብ።»

«እሷ እኮ መስኮት ነው የምትወደው።» የያዘችውን አንሶላ ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። «ሰው ሲያያት ታፍር ነበር። ለዚያ ምርጫ ልናገር ነው ብላ ስትነግረኝ እንዴት ደፈርሽ አልኳት። ጓደኛዬ ውሃ ትታ ታመመች አለችኝ።» አንሶላውን ዘረጋችና «ነገ ፈረቃዬ ከሰዓት ነው። ጠዋት እመጣለሁ» አለች።

መጣች። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ሸፍና። ልጆቹ ቀጥ ብለው ተነሱ። መምህርቷ ማን እንደሆነች ነገረቻቸው። እናቲቱ በረድፎቹ መሃል ሄዳ ወንበሩ ፊት ቆመች፤ አየችው፤ አንገቷን እንደዚያ ቀን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች።

ጠበቃ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «እንዳያለቅሱ ትላለች» አለች።

እናቲቱ ዞር ብላ አየቻት። አልተቆጣቻትም። ጎንበስ ብላ ዓይን ለዓይን ሆነች።

«በምን ድምፅ ነው የምታናግርሽ፣ ልጄ? እንደ ድሮው ታፏጫለች?»

ጠበቃ ከወንበሩ ራቅ አለች።

«ምንም አትለኝም» አለች። «ጠጋ ብዬ እሰማለሁ፣ ምንም የለም። ሁሉም ሲጠብቁኝ ጊዜ ከራሴ ተናገርኩ። በኋላ ማቆም ፈራሁ።»

«እኔንም ምንም አትለኝም» አለች እናቲቱ። «ከሄደች ጀምሮ ሌላ ሥራ የለኝም፤ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ትንፍሽ ብትል ለእኔ ነበር የምትለው።»

ያን ጊዜ ነው ልጆቹ ያለቀሱት፤ ያ ሁሉ ሳምንት የታፈነው፣ በአንድ ላይ። እናቲቱ እስኪወጣላቸው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ ስለነበር ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ። ሲበርድላቸው ተነስታ በሁለት እጇ አነሳችውና በረድፎቹ መሃል ተሸክማው ሄደች፤ መስኮቱ ጥግ አስቀመጠችው። «የተማሪ ወንበር ነው» አለች። «ይቀመጡበት።» ከዚያ ለመምህርቷ አንገቷን ሰበር አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

መምህርቷ ያን ዕለት አስቀድማ ልታስተምረው የሚገባትን አስተማረች። ሹመት ለሕያው ሰው የሚሰጥ ሥራ እንደሆነ፤ የሚሠራው ሲሞት ሥራው ለመራጮቹ እንደሚመለስ፤ የሞተ ሰው ሊጠየቅ ስለማይችል ሊያዝም እንደማይገባው። ከዚያ መጥረጊያውን አንስታ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ሳይነካ የቆየውን ስም ዓይናቸው እያየ አጠፋችው። ቀስ ብላ ነው ያጠፋችው። ጠመኔው ስለከረመ ጥላው ሰሌዳው ላይ ቀረ፤ በውሃም ቢታጠብ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ይታይ ነበር።

ድጋሚ መረጡ። የዳቦ ቤቱ ልጅ አሸነፈ። ክፍሉ ቀስ በቀስ ወደ ጫጫታው ተመለሰ፤ ተጎሻሸሙ፣ አረፈዱ፣ ወረቀት ጣሉ። ርዕሰ መምህሩ ምስክር ወረቀቱን ከበሩ በላይ አውርደው ለሌላ ክፍል ሰጡት። ወንበሩ ላይ ለብዙ ጊዜ የተቀመጠ ልጅ አልነበረም። ንፋስ በመጣ ቁጥር መስኮቱ ያፏጫል፤ ልጆቹም እሷም በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። መስታወቱን ማስቀየር ትችል ነበር። አላስቀየረችውም።

ትምህርት በተዘጋበት ቀን ጠበቃ የአስተማሪዎች ክፍል በር ላይ መጥታ ቆመች። ያኔ እንደድሮዋ አልነበረችም፤ የምትናገረው ሲጠይቋት ብቻ ነበር።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ግቢ።»

«ያን ጊዜ መመረጥ በጣም ፈልጌ ነበር። ግን ለራሴ አልጻፍኩም። የጻፍኩት ለሷ ነው።»

መምህርቷ የያዘችውን ነገር አስቀመጠች። «ለምን?»

«ማንም የማይጽፍላት መሰለኝ። ስሟ እዚያ ተጽፎ አንድም መስመር ሳይሰመርላት ሲቀር ታየኝና አሳዘነችኝ። አንድ እንኳን ይኑራት ብዬ ነው። ታሸንፋለች ብዬ አልነበረም።» ጣቷን ታሻሻለች። «ሌሎቹ ግን ለምን ጻፉ?»

መምህርቷ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ራሷን ሳመቻትና ሸኘቻት። ጠማማው ፊደል፣ ትልልቁ ፊደል፣ ቀዩ እርሳስ አንድ በአንድ ዓይኗ ላይ መጡ።

ቤት ስትደርስ እህቷ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ እየጠለፈች ነበር። መምህርቷ ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቧ ቁጭ አለችና ልጅቷ ያለችውን ነገረቻት። እህቷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ታዲያ ሁሉም እንደሷ አስበው ይሆን? ሁሉም ለብቻ ለብቻቸው፣ አንድ እንኳን ይኑራት ብለው?»

«አላውቅም።»

«ልጆቹ አሉ አይደል እንዴ? ጠይቂያቸው።»

«ድምፅ ነው፣ እትዬ» አለች። «አይጠየቅም። እንደዚያ ብዬ ነው ያስተማርኳቸው።»

እህቷ ተነስታ ኮቷን ከትከሻዋ ላይ አወለቀችላት።